ከሃይዌይ ወረድ ብለን፦ የሮድ ትሪፕ ጥያቄዎቻችሁ

አሜሪካ ውስጥ መንገድ ዳር ስላሉት ግራ የሚያጋቡ ነገሮች፣ ስለተቀበሩት መኪናዎች፣ ስለ ቆርቆሮዋ ዝሆን፣ ስለ በቆሎው ህንፃ ምናምን የላካችሁልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ሰብሰብ አርጌ ልመልስ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ባሌ አንዴ መንዳት ከጀመረ ለነዳጅ ካልሆነ አይቆምም። ኒው ጀርሲ ላይ የዝሆን ቅርፅ ያለው ህንፃ አለ ብለው እምቢ አለኝ። ምን ብዬ ላሳምነው?

መልስ፦ ዝሆን እንይ አትበይው፣ ታሪኳን ንገሪው። ሉሲ ትባላለች፣ ማርጌት የምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ነው ያለችው፣ በ1881 ጄምስ ላፈርቲ የሚባል ሰውዬ መሬት ሊሸጥ ገዢ የሚስብበት ነገር ሲፈልግ ነው ከእንጨት ሰርቶ ቆርቆሮ ያለበሳት፣ ቁመቷ 20 ሜትር ገደማ ነው። እግሯ ውስጥ ባለው ደረጃ ወደ ሆዷ ትወጣላችሁ፣ ከዛ ጀርባዋ ላይ ሆናችሁ ባህሩን ማየት ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ከዛ በኋላ የሆነው ነው፤ አርጅታ ልትፈርስ ስትል የአካባቢው ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው በ1970 አንስተው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯት፣ በ1976 ደሞ በአገር ደረጃ ታሪካዊ ቅርስ ተባለች። ለመሬት ሽያጭ ማስታወቂያ የተሰራች እኮ ናት! ሰው እንዲህ የሳሳላትን ነገር ለማየት አንድ ሰአት አይበዛም። ካልሆነ ጉብኝቱን ከምሳ ሰአት ጋር አጋጥሚው፣ ያኔ መቆሙ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ቀን አለን። ካዲላክ ራንች ወይስ ፕራዳ ማርፋ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትሞክሩ፣ አንዱ ሰሜን ላይ አማሪሎ ጋ ነው፣ ሌላው ምእራብ በረሃ ውስጥ፣ አንዱን ቀን መሪ ይዛችሁ ነው የምትጨርሱት። ልጆች ካሉ ካዲላክ ራንች። በ1974 አንት ፋርም የሚባሉ አርቲስቶች 10 ካዲላክ አፍንጫቸውን ቀብረው ጭራቸውን ወደ ሰማይ አቆሟቸው፣ ሞዴሎቹ ከ1949 እስከ 1963 ስለሆኑ በተርታ ሲታዩ የካዲላክ የኋላ ክንፍ እንዴት እያደገ መጥቶ በኋላ እንደቀነሰ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ይሄንን ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። መግቢያ አይከፈልም፣ ስፕሬይ ይዞ ሄዶ መኪኖቹን መቀባትም ይቻላል፣ ባዶውን ጣሳ ግን እባካችሁ ሜዳው ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ዝናብ ከነበረ ጭቃ ነው፣ ጫማ ቀይሩ።

ፕራዳ ማርፋ በ2005 ኤልምግሪን እና ድራግሴት የሚባሉ ሁለት አርቲስቶች የሰሩት፣ ፕራዳ የሚባለውን የቅንጦት ጫማና ቦርሳ ሱቅ የሚመስል፣ በሩ የማይከፈት የጥበብ ስራ ነው፣ ምንም በሌለበት መንገድ ዳር ብቻውን ቆሟል። በተሰራ በቀናት ውስጥ ሌባ ሰብሮ ገብቶ ነበር፣ የሚደረደረው ጫማም የቀኝ እግር ብቻ ነው። ስሙ ማርፋ ይበል እንጂ ከማርፋ ከተማ 60 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል፣ ቫለንታይን የምትባል ትንሽ ከተማ ትቀርበዋለች፣ ጂፒኤስ ላይ ስታስገቡ ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ መኪና ኒውትራል ላይ ሲደረግ ሽቅብ የሚሄድበት ኮረብታ አለ የሚባለው እውነት ነው? ማግኔት ነው?

መልስ፦ ስሙ ነው እንጂ ማግኔት የለበትም፣ የሚሸወደው አይናችን ነው። ዙሪያው ያለው ኮረብታና ዛፍ አድማሱን ስለሚሸፍነው ቁልቁለቱ ዳገት ይመስላል፣ መኪናው እንደማንኛውም ጊዜ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ካናዳ ሞንክተን ያለው ማግኔቲክ ሂል በዚህ ይታወቃል። ልጆች ካሉ ውሃ ልክ ይዛችሁ ሂዱና ራሳቸው ይለኩት፣ ነገሩን እያወቁትም አይን መታለሉን አይተውም።

ጥያቄ፦ በሳውዝ ዳኮታ በኩል እናልፋለን፣ መንገዱ ሜዳ ብቻ ነው ይባላል። ልጆቹ ምን ይዩ?

መልስ፦ ሜዳ መሆኑ ነው እኮ እነዚህን ቦታዎች የፈጠራቸው። ኢንተርስቴት 90 በሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ሚቸል ከተማ ስትደርሱ ኮርን ፓላስ (የበቆሎ ቤተመንግስት) አለ፣ መጀመሪያ በ1892 የተሰራ፣ የአሁኑ ህንፃ የ1921 ነው። ውጪው ግድግዳ ላይ ያለው ስእል በሙሉ ቀለሙ የተለያየ በቆሎ ተቸንክሮበት ነው የሚሰራው፣ ስእሉ በየጊዜው ይቀየራል፣ ወፎቹ ደሞ ይበሉታል። ወደ ምእራብ ስትቀጥሉ ዎል ድራግ። በ1931 ባልና ሚስት ማንም የማያልፍባት ከተማ ውስጥ ፋርማሲ ገዙ፣ አምስት አመት ሙሉ ገበያ ሲጠፋ ሚስትየዋ ዶሮቲ ሀስቴድ በሙቀት የሚነዳ ሰው የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው ብላ «ነፃ የበረዶ ውሃ» የሚል ምልክት መንገድ ላይ እንዲተከል አሰበች፣ በቃ ሰው መጣ። ዛሬ ሰፈር የሚያክል ሱቅ ሆኗል፣ ውሃው አሁንም ነፃ ነው፣ ቡናው 5 ሳንቲም። ሱቁ ውስጥ ያለው የሚሸጥ እቃ ብዙም አይገርመኝም፣ ውሃውን ግን ሳትጠጡ እንዳታልፉ።

ጥያቄ፦ ለምንድነው እንደዚህ አይነት ነገር አሜሪካ ውስጥ የበዛው?

መልስ፦ በመኪናና በመንገድ ምክንያት። ሩት 66 የሚባለው አውራ ጎዳና በ1926 ሲከፈት ከቺካጎ እስከ ካሊፎርኒያ በየትንንሹ ከተማ መሃል ነበር የሚያልፈው፣ ሞቴሉም ነዳጅ ማደያውም አላፊውን ለማስቆም ይሻማ ስለነበር ከሩቅ የሚታይ ነገር መስራት የግድ ነበር። ከ1956ቱ የአውራ ጎዳና ህግ በኋላ የተሰራው ኢንተርስቴት ከተሞቹን በጎን እያለፈ ሄደ፣ ሩት 66ም በ1985 ከአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ዝርዝር ወጣ፣ ብዙ ቦታ ያኔ ነው የተዘጋው። ለዛ ነው የተረፉት ጋ ቁሙ እያልኩ የምወተውተው፣ የሚያኖራቸው የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል?

መልስ፦ ካርሄንጅ፣ አላያንስ፣ ነብራስካ። ጂም ራይንደርስ አባቱ ሲሞቱ ለመታሰቢያቸው ብሎ በ1987 ዘመዶቹን ሰብስቦ የእንግሊዙን ስቶንሄንጅ፣ ትላልቅ ድንጋዮች በክብ የቆሙበትን ጥንታዊ ቦታ፣ አስመስሎ በ39 መኪና ሰራው፣ ሁሉንም ግራጫ ቀቧቸው። ከተማው መጀመሪያ ይነሳ ብሎ ነበር፣ አሁን ከተማዋ የምትታወቀው በሱ ነው። ከዋና መንገድ ይርቃል፣ ግን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በገዛ እጁ ያቆመው ሀውልት ስለሆነ ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ሳልቬሽን ማውንቴን ኦገስት ላይ ብንሄድስ?

መልስ፦ በጭራሽ፣ በተለይ ከልጅና ከአዛውንት ጋር። የካሊፎርኒያ በረሃ ነው፣ ጥላ የለም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ሊዮናርድ ናይት በጭቃ፣ በገለባና በቀለም ለአመታት የለፋበትን ኮረብታ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ አካባቢ፣ ተረጋግታችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ የአለም ትልቁ የሲባጎ ኳስ የቱ ነው? ሁለት ከተማ ይላሉ።

መልስ፦ ሁለቱም ትልቁ የኛ ነው ይላሉ። ዳርዊን ሚኒሶታ ያለውን አንድ ሰው ብቻውን ከ1950 ጀምሮ ለ29 አመት ጠቅልሎታል፣ ወደ 8 ቶን ይጠጋል፣ መጠለያ ውስጥ ስለሆነ አይነካም። ኮከር ሲቲ ካንሳስ ያለው በ1953 ተጀምሮ ዛሬም እያደገ ነው፣ ጎብኚም ይጨምርበታል። እኔ ካንሳስን እመርጣለሁ፣ ኦገስት ላይ ከተማው በሙሉ ወጥቶ የሚጠቀልልበት በአል ስላለ ቀኑን አጣርታችሁ ሂዱ።