አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት

ጥያቄ፦ ድመቴ በድንገት አፏን ከፍታ መተንፈስ ስለ ጀመረች ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኋት። ሐኪሙ ግን ኦክስጅን ባለበት ሣጥን ውስጥ አስገብተው ለረጅም ጊዜ ሳይነኳት ቆዩ፤ ራጅ ያነሡአትም ዘግይተው ነው። ይህ ቸልተኝነት አይደለምን? እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም፣ ወይም ውሻዬን ቢያጋጥመው፣ እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሐኪሙ ድመትዎን ሳይነኩ መቆየታቸው ከጥንቃቄ የመጣ ነው። ትንፋሽ ያጠራት ድመት የቀራት አቅም በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ለራጅ በጎኗ ሲያስተኟት ወይም ደም ለመቅዳት አጥብቀው ሲይዟት በመታገል ላይ ሳለች ልቧ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ኦክስጅን፣ አንዳንዴም ቀለል ያለ ማረጋጊያ መድኃኒት ይቀድማል። ከርቀት መመልከትም ራሱ ምርመራ ነው፤ አየር ለማስወጣት የምትቸገር ድመት አስምን፣ አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ያላት ደግሞ በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽን ታስጠረጥራለች። በሳንባ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ በመርፌ መቅዳት ወዲያው እፎይታ ይሰጣል፤ በልብ ድካም ምክንያት ሳንባው ራሱ ውኃ ከቋጠረ ግን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይወጋል።

ውሻ ሲሞቀው ወይም ሲሮጥ ማለክለኩ የተለመደ ነው፤ ያረፈች ድመት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱም ተኝተው ሳሉ በደቂቃ የሚተነፍሱት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 በታች ነው፤ ደጋግመው ቆጥረው ከ40 በላይ ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። አንገትን ዘርግቶ፣ ክርንን ከደረት አርቆ መቆምና ለመተኛት እምቢ ማለትም የጭንቅ ምልክት ነው። ድድ ሰማያዊ የሚሆነው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ድዱ ሮዝ ነው ብለው አይዘናጉ።

ለክሊኒኩ አስቀድመው ይደውሉ፤ ኦክስጅን አዘጋጅተው ይጠብቁዎታል። ድመቷን በመያዣ ሣጥን፣ ውሻውን አፉን ሳያስሩና አንገቱን በማሰሪያ ሳይጎትቱ፣ በራሱ በመረጠው አቀማመጥ ይውሰዱት። ምግብም ሆነ ውኃ በግድ አይስጡ። የሰው መድኃኒት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ በተለይ ፓራሲታሞል የድመትን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ገዳይ ነው። አፍንጫው አጭር የሆነ ውሻ በሙቀት ቀን ከታፈነ ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፤ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱና ነፋስ እያገኘ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ማቀዝቀዙ ክሊኒክ እስኪደርስ አይጠብቅም።