ርዕሰ ብሔር በክልል ተራ ይመረጥ ቢባል ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ብዙ ክልሎች ባሉበት አገር የመሪነቱ ሥልጣን ሁሌ ከአንድ አካባቢ ለመጣ ሰው ሲደርስ ሌላው ቅር ይለዋል። ናይጄሪያ በሕግ ተራ አስይዛለች ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ተራው የተነካበትስ መክሰስ ይችላል?

መልስ፦ ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ቀላል ነገርም አይደለም። ግን ሁለት ጉዳዮች ተቀላቅለዋል። ተመራጩ የየት አካባቢ ሰው ነው የሚለው አንድ ነው። ድምፁን ያገኘው ከየት ከየት ነው የሚለው ደግሞ ሌላ። የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት የሚቆጣጠረው ሁለተኛውን ነው። እጩው በጠቅላላ ድምፅ ቢበልጥም ብቻውን አይበቃውም። ቢያንስ በሁለት ሦስተኛ ግዛቶች፣ በእያንዳንዳቸው ከተሰጠው ድምፅ ሩቡን ማግኘት አለበት። ሰሜንና ደቡብ ይፈራረቁ የሚለው የፓርቲዎች የውስጥ ስምምነት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አያገኙትም።

እንዲህ ያለ አንቀጽ ሲረቀቅ ቁጥሩ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ናይጄሪያ 19 ግዛቶች ነበሯት። የ19 ሁለት ሦስተኛ ሙሉ ቁጥር አይሆንም፤ 12 ተኩል አልፎ 13 አይሞላም። በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሼሁ ሻጋሪ በ12 ግዛቶች ሩቡን አገኙ። በካኖ ግን 20 በመቶ ገደማ ላይ ቀሩ። ተፎካካሪያቸው ኦባፌሚ አዎሎዎ 13 ግዛት መሟላት አለበት ብለው ተከራከሩ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሻጋሪ ረቱ። አርቃቂዎቹ «ቢያንስ 13» ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሙግት ባልመጣ ነበር።

እውነተኛ ተራ ያለው የደሴቶች አገር በሆነችው ኮሞሮስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. የ2001 ሕገ መንግሥቷ ሥልጣኑን በሦስቱ ደሴቶች መካከል አዟዟረው። በዚያ ሕግ ተረኛዋ ደሴት ሦስት እጩዎች ትለይ ነበር፤ ከዚያ የአገሩ ሰው ሁሉ ከሦስቱ አንዱን ይመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ሕጉ ተሻሻለና አንድ ሰው ሁለት ዘመን በተከታታይ እንዲቆይ ተፈቀደ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ደሴቶች ወረፋቸው ረዘመ።

በኢትዮጵያ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው፤ በጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። ከሁለቱ አንዱ በሆነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው። አንቀጽ 39ም በፌዴራል መንግሥት ሚዛናዊ ውክልና የማግኘት መብትን ያውቃል። ተራ የሚል ቃል ግን የለም። ስለዚህ «ዘንድሮ ተራው የእኛ ነበር» የሚለው ብቻውን ለክስ አያበቃም።

የማሻሻያ ሐሳብ ሊያቀርቡ ካሰቡ እኔ የምመርጠው የድምፅ ስርጭቱን መንገድ ነው። ተራ ሲሆን ጎበዝ ሰው በተወለደበት ቦታ ምክንያት ይታገዳል። የስርጭት መስፈርት ግን እጩውን ከሰፈሩ አውጥቶ ሌላው ጋ ሄዶ እንዲለምን ያስገድደዋል። መስፈርቱን ማንም ባያሟላ ምን እንደሚደረግም እዚያው አንቀጽ ላይ ይጻፉ። ናይጄሪያ ሁለተኛ ዙር አላት፤ እሱም ካልሆነ በሦስተኛው ዙር ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል።