ቀይ አምፖል መቀየር ብቻውን ይበቃል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ፍሎሪዳ ሳተላይት ቢች ላይ ከባህሩ ፊት ለፊት ቤት ገዝታችሁ ገና ሳትደላደሉ «የውጭ መብራታችሁ ከባህር ዳርቻው ይታያል፤ አስተካክሉ» የሚል ደብዳቤ እንደደረሳችሁ ጽፈሻል። «ቀይ አምፖል ብቀይር ይበቃል? ካጨለምነውስ ሌባ አይደፍረንም?» ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ብሬቫርድ ካውንቲ የባህር ዳር ኮንዶዎች ጥገና ላይ ነው የምሠራው። የባህር ኤሊዎች እዚህ አሸዋ ላይ እየወጡ እንቁላል ይጥላሉ፣ የቤት መብራት ደግሞ ያሳስታቸዋል፤ ማርች ከመግባቱ በፊት ዋናው ሥራችን ይኸው የኤሊ መብራት ጉዳይ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

አምፖል ከመግዛትሽ በፊት፣ መብራታችሁን በየማታው እንደምታበሩት አድርጋችሁ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ወደ አሸዋው ውረጂና ቁጭ በይ። ቆመሽ ካየሽው አይሆንም፤ የኤሊ ዓይን ያለው መሬት ላይ ነው። ከዚያ ዞረሽ ቤትሽን እዪው። አምፖሉ ራሱ ከታየሽ፣ ግድግዳው ወይም የበረንዳው ጣሪያ አብርቶ ከታየሽ፣ ወይም ጥላሽ አሸዋው ላይ ከወደቀ፣ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኤሊ ጫጩቶቹ ከተቀበረው እንቁላል ተፈልፍለው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው ከአሸዋው የሚወጡት። የሰው መብራት በሌለበት ቦታ በባህሩ በኩል ያለው አድማስ ይደምቃል፣ ከኋላ ያለው የአሸዋ ክምርና ቁጥቋጦ ደግሞ ይጨልማል። እነሱም ከጨለማው ሸሽተው ወደሚደምቀው ይሄዳሉ። ቤቱ ከባህሩ ከደመቀ ወደ ቤቱ ነው የሚመጡት። ጠዋት ሥራ ስንገባ ዱካቸውን እናያለን። በደህና የሄዱት ከጉድጓዱ ተነስተው በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። የተሳሳቱት ዱካ ግን ይዞራል፣ ይመለሳል፣ እርስ በርሱ ይቆራረጣል፣ መጨረሻው መኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ ነው። እዚያ ደርሰው መኪና ያልገጫቸውን ፀሐይ ያደርቃቸዋል፣ ወይም ራኩንና ሸርጣን ይበላቸዋል። እናቲቱም ብትሆን ዳርቻው ከበራ እንቁላሏን ሳትጥል ወደ ባህሩ ልትመለስ ትችላለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቀለሙ አንዱ ነገር ብቻ ነው። የፍሎሪዳ ዓሣና ዱር እንስሳት ኮሚሽን የሚጠይቀው ሦስት ነገር አንድ ላይ ነው፦ መብራቱ ዝቅ ብሎ ይተከል፣ አምፖሉ ከዳርቻው እንዳይታይ ይሸፈን፣ ብርሃኑም ከ560 ናኖሜትር በታች የሆነ የሞገድ ርዝመት አይኑረው፤ ማለትም ሰማያዊና አረንጓዴ የሌለበት፣ አምበር (ብርቱካንማ ቢጫ) ወይም ቀይ ይሁን። በር ላይ የሚሰቀለው ዙሪያውን መስታወት የሆነ ፋኖስ መሰል ፊክስቸር (የአምፖል ማቀፊያ) ካላችሁ፣ ውስጡ ቀይ አምፖል ብታስገቢም ብርሃኑን በየአቅጣጫው መርጨቱን አይተውም። እኔን ከጠየቅሽኝ ገንዘብሽን መጀመሪያ ፊክስቸሩ ላይ አውጪ፤ ብርሃኑን ወደ ታች ብቻ የሚጥል፣ አምፖሉ ጥልቅ ገብቶ የተደበቀ ይሁን።

ስለ አምፖሉ ደግሞ ተጠንቀቂ። «ነፍሳት አይስብም» ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ አምፖል ብዙ ጊዜ ነጭ መብራት ላይ ቢጫ የተቀባበት ነው። ቤት ውስጥ አሮጌ ሲዲ ካለሽ የሚያብረቀርቀውን ጎን ወደ አምፖሉ አዙሪና አዘንብይው። ሰማያዊና አረንጓዴ መስመር ካየሽ ለኤሊ አይሆንም። ትክክለኛው አምበር ኤልኢዲ ከብርቱካንማ እስከ ቀይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ኮሚሽኑ ያጸደቃቸው መብራቶች ዝርዝር ስላለው ከዚያ መምረጥ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የውስጡን መብራት ነው። ባህሩን ለማየት ብለን የምንወደው ያ ትልቅ ተንሸራታች የመስታወት በር፣ የሳሎኑን መብራትና ቴሌቪዥኑን ሙሉ በሙሉ ወደ አሸዋው ያወጣዋል። ሲመሽ ወፍራም መጋረጃ መዝጋት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መስታወቱን የምትቀይሩ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳልፈው ብርሃን ከ45 በመቶ ያልበለጠውን ጠይቁ።

ስለ ሌባው ገብቶኛል። እኛ ግቢው ቦግ ካላለ እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች ነን። ግን ኃይለኛ ነጭ መብራት ዓይን ስለሚያጥበረብር ጥላው ውስጥ የቆመውን ሰው ይደብቅልሻል እንጂ አያሳይሽም። ዝቅ ብሎ ደረጃውንና መግቢያውን ብቻ የሚያሳይ አምበር መብራት በሞሽን ሴንሰር አድርጉና ቶሎ እንዲጠፋ ሙሉት። በመንገዱ በኩል ያለው፣ ከዳርቻው እስካልታየ ድረስ፣ ያን ያህል አያስጨንቃችሁም።

ወቅቱ በእኛ በኩል ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 31 ነው። በገልፍ በኩል፣ ማለትም በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቤት ያላቸው ወዳጆች ካሏችሁ የእነሱ ሜይ 1 ይጀምራል። ኦክቶበር ድረስ የሚዘልቀው እንቁላሉ ለመፈልፈል ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ነው። ደግሞ ቸል የሚባል ሰፈር አይደለም የገዛችሁት። ከእናንተ ደቡብ፣ ከሜልቦርን ቢች እስከ ዋባሶ ድረስ ያለው 20 ማይል ያህል ዳርቻ በ1991 የተቋቋመው የአርቺ ካር የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፤ ሎገርሄድ የሚባለው ኤሊ በዓለም ላይ በብዛት ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ።

ቤቱን በኤርቢኤንቢ ልታከራዩት ካሰባችሁ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ማሳሰቢያ ለጥፉ። እንግዳ የስልኩን መብራት አብርቶ ሌሊት ዳርቻው ላይ ሲዞር የናንተ ፊክስቸር ማማር ዋጋ የለውም። የጠፋ ጫጩት ካያችሁም ወደ ውሃ አትወርውሩት፣ ውሃ በሞላ ባልዲም አታስቀምጡት፤ ኮሚሽኑ ጋ ደውሉና የሚሏችሁን አድርጉ።

ለደብዳቤው መልስ ስትጽፊ ከአሸዋው ላይ የተነሳ የማታ ፎቶ፣ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ፣ አያይዥበት። የፊክስቸሩን ፎቶ እዚህ ብትለጥፊልኝ ደግሞ መሸፈን ይበቃው እንደሆነ ወይ መቀየር እንዳለበት አይቼ እነግርሻለሁ።