ፍሪ «ነጻ ያወጣል» ወይስ «ይለቅቃል»?

ጥያቄ፦ የሲ ፕሮግራም ቋንቋን አስተምራለሁ። ማሎክ (malloc) በተባለው ተግባር የወሰድነውን ማህደረ ትውስታ ፍሪ (free) በተባለው ስንመልስ «ነጻ አወጣነው» ነው ወይስ «ለቀቅነው» የሚባለው? ተማሪዎቼ እያቀላቀሉ ይጽፋሉ።

መልስ፦ «ለቀቅነው» ይበሉ። ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት ግን ልውቀስዎ፤ ማኅደር የሚጻፈው በብዙኃኑ «ኀ» ነው። «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው፤ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበትን የቆዳ ማኅደር ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ማሎክ የሚሰጠንም ይህንኑ ማደሪያ ነው። 40 ባይት ብንጠይቀው የመነሻውን አድራሻ ያስረክበናል፤ ቦታ ካጣ ነል (የትም የማያመለክት ባዶ አድራሻ) ይመልሳል። ውስጡ ምን እንደሚገኝ ግን ዋስትና አይሰጥም። ሁሉን ዜሮ አድርጎ የሚያስረክበው ካሎክ ነው።

አሁን ወደ «ነጻ» ልምጣ። ግእዙ «ነጽሐ» ነው፤ ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ። አማርኛም ይህን ፍቺ አልጣለውም፤ በወንጌል የሰውየው ለምጽ «ነጻ» ሲባል ከደዌው ጠራ ማለት ነው። እንግዲህ በፍሪ የተመለሰ ቦታ ይነጻል? አይነጻም። ፍሪ ባይቶቹን የመጥረግ ግዴታ የለበትም። የይለፍ ቃል ጽፈንበት ብንመልሰው፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ቃሉ እዚያው ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። «ነጻ አወጣሁት» ያለ ተማሪ ግን የጸዳ ይመስለዋል።

«ለቀቀ» ልክክ ይላል። ቤቱን ለቀቀ ስንል ተከራዩ ወጣ ማለታችን ነው እንጂ ቤቱ ታጠበ አላልንም። እንዲያውም ይህ ተከራይ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ ጠቋሚው፣ ማለትም አድራሻ የሚይዘው ተለዋዋጭ፣ የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ነውና። በዚያ አድራሻ ተመልሶ መጻፍም ሆነ ፍሪን ደግሞ መጥራት የሲ ደንብ ውጤቱን ያልወሰነለት ጥፋት ነው፤ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል፣ ባይወድቅም የሌላውን መረጃ ሊያበላሽ ይችላል። ከለቀቁ በኋላ ጠቋሚውን ነል ማድረግ የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ፍሪ ነል ሲሰጠው ምንም አያደርግም።

«ፕሮግራሙ ቦታውን አስለቀቀ እንበል» የሚሉ ደግሞ አሉ። ማንን? አስለቀቀ የሚል ሰው ተገድዶ የወጣ ሌላ ወገን ሊያሳየኝ ይገባል። ቦታውን ይዞ የነበረውም የለቀቀውም ያው ፕሮግራሙ ነው። ሥልጣኑን በፈቃዱ የተወ ሰው ሥልጣን ለቀቀ እንጂ አስለቀቀ አይባልም።

ከዚህ የከፋም አለ፤ ሜሞሪ ሊክን (የተወሰደ ቦታ ሳይለቀቅ መቅረቱን) «የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ» ማለት። ፍሳሽ! የሚፈስስ ነገር የት አለ? የተወሰደን ቦታ መጠን የሚቀይረው ሪያሎክ የመለሰውን አድራሻ በዚያው በአሮጌው ጠቋሚ ላይ የሚቀበል ሰው ያስቡ። ሪያሎክ ካልተሳካለት ነል ይመልሳል፤ አሮጌው ቦታ ግን ሳይለቀቅ፣ አድራሻውን የሚያውቅ ሳይኖር እንደተያዘ ይቀራል። ይህ በአማርኛ ብክነት ነው። (ውጤቱን መጀመሪያ በሌላ ጠቋሚ ተቀብሎ መመርመር ይበጃል።)

ሐቁን ለመናገር፣ «ነጻ» ከንጽሕና ከወጣ ቆይቷል። ነጻ ሰው፣ ነጻ ጊዜ እንላለን፤ እዚያ ላይ ማንም ነጽሐን አያስታውስም። ስለዚህ ያልተያዘውን ክፍል «ነጻ ቦታ» ቢሉት መከራከሪያ የለኝም፣ ቃሉም ለምዷል። ቅጽሉን ልተውላቸው። ግሱን ግን አልሰጥም፤ «ነጻ አደረገው» የሚለውም ጆሮዬን ይጎረብጠዋል፤ ለዚህኛው የማቀርበው ማስረጃ ጆሮዬን ብቻ ነው።

ማሎክንና ፍሪን ራሳቸውን እንዲተረጉሙ ግን አልመክርዎትም። ኮምፓይለሩ (ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) የሚያውቃቸው በስማቸው ነው፤ «ልቀቅ» ለማብራሪያዎ ይሁን።