ሥራ ላይ ለተጎዱ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ረዳት ነኝ። ጀልባውን ስናስር ጣቶቼ በጀልባውና በወደቡ ግድግዳ መካከል ተጨፈለቁ። የጽሑፍ ውል የለኝም። ባለቤቱ «ጥፋቱ ያንተው ነው» ብሎኛል።

መልስ፦ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። ክፍያ የገባበት የባንክ መልእክትና የሥራ ባልደረቦችህ ምስክርነት ይጠቅምሃል። ጥፋትን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ባያጠፋም ይጠየቃል። ከኃላፊነት የሚድነው ሆን ብለህ ራስህን ከጎዳህ ነው፤ በግልጽ የተሰጠህን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚያው ይታያል። በቃል «ተጠንቀቅ» ማለት ብቻውን መመሪያ ነው ብዬ አልወስደውም። የሕክምናውም ወጪ የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ተኝቼ ስታከም ደመወዜስ?

መልስ፦ እስከ አንድ ዓመት ይከፈላል። ወርኃዊ ደመወዝህ 6,000 ብር ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉው፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ (4,500)፣ የቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ (3,000) ነው። ሐኪም ድነሃል ካለ ክፍያው ያን ጊዜ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የሕክምና ቦርድ 30 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ብሎኛል። ጡረታ አልተመዘገብኩም።

መልስ፦ እንግዲያውስ ካሳውን የሚከፍለው አሠሪህ ነው። ሙሉ በሙሉ ሥራ ለማይችል የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው፤ በ6,000 ብር ሒሳብ 360,000 ብር። የአንተ 30 በመቶው፣ 108,000 ብር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሕክምና ወረቀቱ ላይ «ወድቆ» ብቻ ተጽፎ ሥራ ላይ መሆኑ ይቀራል። ገና ስትገባ «በሥራ ላይ» ብለው እንዲመዘግቡ ጠይቅ። «ሁሉንም ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀትም ሳታነብ አትፈርም።

ጥያቄ፦ በባጃጅ ወደ ሥራ ስሄድ ብጋጭስ?

መልስ፦ ራስህ የያዝከው ባጃጅ ከሆነ አይሸፈንም። የድርጅቱ ሰርቪስ ወይም ድርጅቱ የተከራየው መኪና ከሆነ ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የባቡር ሐዲድ ጥገና ላይ ነው። የባቡር ሠራተኛ የድርጅቱን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ የሰማኸው የአሜሪካው ነው፤ እዚያ ከ1908 ጀምሮ የባቡር ሠራተኞች የተለየ ሕግ አላቸው። ወንድምህ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀጥሮ እዚሁ የሚሠራ ከሆነ የሚገዛው ይኸው አዋጅ ነው።

ጥያቄ፦ ወዴት ላመልክት?

መልስ፦ መጀመሪያ ለአሠሪው በጽሑፍ አቅርበህ ቅጂውን ያዝ። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠቅላላው የይርጋ ጊዜ (ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ገደብ) አንድ ዓመት ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ግን በስድስት ወር ይታገዳል፤ እሱን አስቀድመው።