"ሉክ ፎርዋርድ ቱ" ካልን በኋላ ሂር ነው ሂሪንግ?

እህቴ የስራ ማመልከቻሽ መዝጊያ ላይ መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት "አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ" ልበል ወይስ "ሂሪንግ" ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ሂሪንግ ነው፣ አብሽሪ። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ግዢ ክፍል ውስጥ ስድስት አመት ሙሉ ለውጭ ድርጅቶች ኢሜይል ስጽፍ ነው የኖርኩት እና ትንሽ ላስረዝመው።

ያምታታሽ ያቺ "ቱ" ናት። ትምህርት ቤት ከቱ ቀጥሎ ግሱ ባዶውን ነው የሚመጣው ተብለን "ዋንት ቱ ጎ" እያልን አደግን፣ እሱ ልክ ነው፣ እዚህ ያለችው ቱ ግን ሌላ ናት፣ ስም የምታስከትል ናት። ለመለየት ከኋላዋ ስም አስገብተሽ ሞክሪው፣ "ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ኢንተርቪው" ይሄዳል አይደል፣ ስለዚህ ግስ ስታስገቢ አይኤንጂ ትጨምሪበታለሽ። "ዋንት ቱ ዘ ኢንተርቪው" ግን አይሄድም። "ዩዝድ ቱ"ም ላይ ተጠንቀቂ፣ "አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ ናይት ሺፍት" ካልሽ የማታ ስራ ለምጃለሁ ነው፣ "አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ናይት ሺፍት" ካልሽ ግን ድሮ እሰራ ነበር አሁን ትቻለሁ ነው የሚሆነው፣ ማመልከቻ ላይ ደግሞ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

"ዲስከስ አባውት"ም የኛው ነው፣ ስለ ደሞዝ ተወያየን ስለምንል "ስለ"ን ይዘናት እንሄዳለን። አባውት አያስፈልግም፣ "ዊ ዲስከስድ ዘ ሳላሪ" በቃ። "ቶክ" ከሆነ ነው አባውት የሚፈልገው።

እኔን በጣም የጎዳኝ ግን ከግሱ ኋላ የምትመጣዋ ትንሿ ቃል ሳትሆን ግሱ ራሱ ነው። ማሽን ሊገጥምልን የሚመጣ የውጭ ቴክኒሺያን ነበር፣ ጉዞው በሁለት ሳምንት እንዲገፋ ፈልገን "ፑት ኦፍ" ማለት ሲገባኝ "ኮል ኦፍ" ብዬ ላኩት፣ ፑት ኦፍ ማስተላለፍ ነው ኮል ኦፍ መሰረዝ ነው፣ ሰውየው ትኬቱን ሰርዞ ሌላ አገር ስራ ያዘ፣ እኛ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ማሽኑ ከነሳጥኑ ከወር በላይ ተቀመጠ። ያኔ የተሰማኝን ሀፍረት አልረሳውም። ከዛ ወዲህ ግስ ብቻውን አልይዝም፣ ፑት ኦፍ፣ ፑት ኦን፣ ፑት አዌይ እያልኩ ከነጭራው ከነአረፍተ ነገሩ ደብተር ላይ እጽፍና ጠዋት ከደሴ በታክሲ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አነበዋለሁ፣ ኮምቦልቻ እስክንደርስ አንድ ገጽ ይያዛል።

ማመልከቻሽን ስትጨርሺ ስምሽንና ስልክሽን አጥፍተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።