በ500 ዶላር የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ ብላ ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ውስጥ ከባለቤትሽ ጋር የነዳጅ ማደያ ሱቅ አላችሁ፤ ሌሊት የምትዘጊው አንቺ ነሽ፤ ግሪን ካርድ አለሽ፤ እጅሽ ትንሽ ነው፤ ከ500 ዶላር በላይ ማውጣት አትፈልጊም። አጎትሽ ደግሞ «ከማካሮቭ የሚበልጥ ሽጉጥ የለም» ብለውሻል። ዳላስ አካባቢ ታጥቄ በጥበቃ ሥራ ስለቆየሁ፣ አሁንም አዲስ ገዢ የሆኑ ወገኖችን ወደ ተኩስ መለማመጃ ይዤ ስለምሄድ፣ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ከማካሮቭ እንጀምር። አጎትሽ ስለ ጥንካሬው የተናገሩት እውነት ነው። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የታጠቀው፣ ክፍሉ ጥቂት፣ አቧራም ብርድም የሚችል መሣሪያ ነው። ላንቺ ግን አይሆንም። የሚተኩሰው 9 በ18 የሚባለውን ጥይት ነው፤ እዚህ በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው 9 በ19፣ በተለምዶ 9 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አሠራሩ ነው። የማካሮቭ ቱቦ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የተኩሱን ግፊት የሚችለው በስላይዱ (ከላይ ወደኋላና ወደፊት በሚንሸራተተው ክፍል) ክብደትና በሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞላው ጠጣር ነው፤ ስላይዱን ወደኋላ ስቦ ጥይት ማጉረስ ለትንሽ እጅ ይከብዳል። ብዙ ትናንሽ የኪስ ሽጉጦችም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሻጩ እጅሽን አይቶ «ላንቺ ይቺ ትሆናለች» ብሎ ከሁሉም ትንሿን ቢያቀርብልሽ እሺ አትበይ። ትንሽ ሽጉጥ ለመሸከም ይቀላል፤ ሲተኮስ ግን እጅ ላይ ይዘላል፣ ለማነጣጠርም ያስቸግራል። ሱቅ ውስጥ ለሚቀመጥ መሣሪያ ትንሽነት ምንም አይጠቅምሽም።

ስለዚህ ጥይቱ 9 በ19 ይሁን፣ መጠኑ መካከለኛ ይሁን፣ ሞዴሉም ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ይሁን። ብዙ ሰው የያዘው ሽጉጥ ካዝናውም (ጥይት የሚሞላበት)፣ ሞላውም፣ ሆልስተሩም (ወገብ ላይ የሚታሰረው ማኅደር) በቀላሉ ይገኛል፤ ጉድለት ካለበትም ቶሎ ይታወቃል። በኔ አስተያየት ላንቺ መታየት ያለባቸው ሦስት ናቸው።

አንደኛው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚባለው ነው። የ9 ሚሊ ሜትሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የወጣው። ስላይዱ ሆን ተብሎ እንዲላላ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ ሲሞላም ጣት አያሠቃይም። እጀታው ላይ ካልተጨበጠ የማይተኩስበት ማገጃ አለው። አሮጌ የምትገዢ ከሆነ ግን ከመክፈልሽ በፊት መለያ ቁጥሩን ኩባንያው ዘንድ አጣሪ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተሠሩት ውስጥ በመምቻው ምክንያት ለጥገና የተጠሩ አሉ።

ሁለተኛው የዚያው ኩባንያ ኤም ኤንድ ፒ 2.0 ኮምፓክት ነው። የእጀታው የኋላ ሽፋን ስለሚቀያየር ለትንሽ እጅ ማስተካከል ይቻላል። ለጽዳት ሲፈታ ምላጭ መሳብ ግድ አይደለም፤ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታይው። ባዶ ነው ብሎ ምላጭ ስቦ የቆሰለ ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛው ግሎክ 19 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያለ፣ 15 ጥይት የሚይዝ፣ ፖሊስም ጥበቃም የሚያምነው። አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ500 ዶላር ያልፋል፤ ፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ሲቀይሩ የሚሸጡት አሮጌው ግን በ350 እና በ400 ዶላር መካከል ይገኛል። እነዚህ ሽጉጦች ወገብ ላይ ብዙ ውለው ጥቂት ብቻ የተተኮሱ ናቸው። ውጫቸው ተፋፍቆ ብታዪ አትደንግጪ፤ ቱቦውን በባትሪ አብርተሽ ውስጡን እይ፣ ጠርዙ ሳይበላ ከቀረ ጥሩ ነው። የመመለሻውን ሞላና የካዝናዎቹን ሞላ በአዲስ ቀይሪ፤ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። በጨለማ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ካለው፣ ብርሃኑ የሚመጣው ትሪቲየም ከሚባል ጋዝ ነው፤ በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚደክም ባይበራ አይግረምሽ። ግሎክ በእጅ የሚዘጋ ማገጃ የለውም፣ ሲፈታም ምላጭ መሳብ ይፈልጋል። ለጠንቃቃ ሰው ችግር የለውም፤ ለጀማሪ ግን ቀዳሚ ምርጫዬ አይደለም።

በርካሽ የሚገኙ የቱርክና የብራዚል ሥራዎችም አሉ፤ ከነሱም ጥሩ የሚሠሩ አይቻለሁ። ከ500 ዶላሩ ላይ ግን ሽጉጡ ብቻ ቢበዛ 400ውን ይውሰድ። የቀረው ለጥይትና ለመቆለፊያ ሣጥን ነው። ባጀቱን በሙሉ ሽጉጡ ላይ ጨርሶ በአንድ ሣጥን ጥይት የሚቀር ሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ ያ ሰው የገዛው ነገር መሥራት አለመሥራቱን ገና አላወቀም።

አስተማማኝነት የሚባለው በስም አይገኝም፣ ተተኩሶ ነው የሚታወቀው። ደግሞም ሽጉጡን ብቻ ሳይሆን ሽጉጡን፣ ካዝናውንና ጥይቱን አንድ ላይ ነው የምትፈትኚው። ካዝናዎችሽን በቀለም 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ቁጥር ጻፊባቸው። አብራን የምትለማመድ አንዲት እህት ሽጉጧ እየደጋገመ ስላስቸገራት ልትሸጠው ወስና ነበር። ቀለሃው በስላይዱ መስኮት ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወይም የሚቀጥለው ጥይት አፍንጫው ወደ ላይ ተንጋዶ ይቀረቀራል። ቁጥር ጽፈን ስንከታተል ጥይት የሚቀረቀረው ሁልጊዜ 3 ቁጥር ካዝና ላይ ሆኖ ተገኘ፤ የላይኛው ከንፈሩ ተጣሞ ነበር። ካዝናው ተጣለ፣ ሽጉጡ ዛሬም ይሠራል።

የቆመው ቀለሃ ግን የካዝናው ጥፋት አልነበረም፣ የአያያዟ ነበር። ጥይት ሲተኮስ ስላይዱ ወደኋላ የሚሄደው አካሉ ባለበት ስለሚጸና ነው። አንጓሽ ከላላ አካሉም አብሮ ወደኋላ ይሄዳል፣ ስላይዱ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ቀለሃውም ሳይወጣ ይያዛል። ቀላል የፕላስቲክ አካል ያላቸው ሽጉጦች ላይ ይህ ይብሳል። ስለዚህ እጅሽን ከእጀታው ጫፍ እስከ ላይ አስጠግተሽ ያዢ፣ ግራ እጅሽ በደንብ ይጨብጥ፣ አንጓሽ ይጠንክር። ስላይድ ስትስቢም ሽጉጡን ወደ ደረትሽ አቅርቢና በግራ መዳፍሽ ስላይዱን ከላይ ጨብጠሽ፣ በቀኝ እጅሽ አካሉን ወደፊት ግፊ። በጣት ከመቆንጠጥ እጅግ ይቀላል። አፈሙዙ ግን ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ይሁን፤ ስላይድ ለመሳብ ሲታገሉ ወደ ጎን የሚያዞሩ ብዙ ናቸው፣ አጠገባቸው ሰው ቆሞ።

ሱቁ ውስጥ ለምታስቀምጪው አፉ ክፍት የሆነውን፣ ሆሎው ፖይንት የሚባለውን ጥይት ያዢ፤ ከተራው ይልቅ የመታውን ሰው አልፎ ሌላ ሰው የመምታት ዕድሉ ይቀንሳል። ቅርጹ ስለሚለይ አንዳንድ ሽጉጥ ላይ አይጎርስም። እኔ የምለው፣ 200 ተራ ጥይት፣ ከዚያ ከምታስቀምጪው ዓይነት 50 ያለ እንከን ካልተኮሰ አትመኚበት። ተራው 50ው በ15 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ ሆሎው ፖይንቱ ይወደዳል። 200ውን በአንድ ቀን መጨረስ ግድ አይደለም፣ እጅ ሲደክም ፈተናው ይበላሻል። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ሦስቱንም መለማመጃው ውስጥ ተከራይተሽ ተኩሻቸው፤ ብዙ ቦታ ይከራያል። እጅሽ የሚነግርሽን ከኔም ከአጎትሽም በላይ እመኚ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ፈቃድ ካለው ሻጭ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ 4473 የሚባለውን ቅጽ ስትሞዪ የግሪን ካርድሽን ኤ ቁጥር (የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥር) ትጽፊያለሽ፣ የአሁኑ አድራሻሽ ያለበት መታወቂያ ትይዣለሽ፣ ባክግራውንድ ቼክም ይደረጋል። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ዘመድ «በስምሽ ግዢልኝ» ቢልሽ በፍጹም እሺ አትበዪ፤ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ወደ አገር ቤት ልላክ ማለትም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 መጀመሪያ ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው፣ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ታጥቆ እንዲሄድ ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን ቀይ 51 የተጻፈበት ምልክት ያለው መጠጥ ቤት ውስጥ ይዘሽ መግባት ክልክል ነው። ከሥራ በኋላ የሐበሻ ቤት ጎራ የምትዪ ከሆነ በሩን አስተውዪ።

ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል። ቴክሳስ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ የተሞላ መሣሪያ በቀላሉ የሚያገኝበት ቦታ መተው ራሱ ወንጀል ነው። ስለዚህ ከካሽ ሬጅስተሩ ሥር ባዶ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀመጥ። በቁጥር የሚከፈት፣ ከመደርደሪያው ጋር በብሎን የሚታሰር የብረት ሣጥን ከሽጉጡ ጋር በዚያው ቀን ግዢ። ባለቤትሽም አብሮ ይሠልጥን፤ ቁጥሩን የሚያውቁት ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ፣ በፈረቃ የሚረዳችሁ ሠራተኛ ካለ ለእሱ አትንገሩ። ቅዳሜ ጠዋት መለማመጃው ባዶ ነው፤ ከባለቤትሽ ጋር ከመጣሽ ኤም ኤንድ ፒውንም ግሎኩንም ይዤ እጠብቃችኋለሁ፣ ሺልድ ኢዚውን እዚያው እንከራየዋለን።